የውሃ አባቱ ሌሊት

አርዲቦ ከላይ ነው፤ ሐይቅ ከታች። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ መንገደኛ የሚያየው ታችኛውን፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ውሃ ነው። አርዲቦን ለማየት ዳገቱን መውጣት አለበት። ከአርዲቦ የሚወጣው ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ሐይቅ ይገባል፤ እስኪገባ ድረስ ግን ገበሬው በየቦታው ይጠልፈዋል፣ በቦይ እየመራ ማሽላውንና በቆሎውን ያጠጣዋል። ውሃ ባለበት ተራ አለ፤ ተራ ባለበት ጠብ አለ፤ ጠብ ባለበት ዳኛ ያስፈልጋል። ይህ ምሳሌ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ዳኛ ነው።

በዚያ ቁልቁለት ላይ አንድ መንደር ነበረ። የመንደሩ ሰው ውሃ የሚያጠጣው በተራ ነው። ከመግሪብ እስከ ኢሻ የአንዱ፣ ከኢሻ እስከ እኩለ ሌሊት የሌላው፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሱብሂ አዛን ደግሞ የሦስተኛው። ተራውን የሚያስከብረው ሰው የውሃ አባት ይባላል። የውሃ አባት ሥራው ሌሊት ነው። ቀንማ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ስለሚውል ውሃ የሚደፍር የለም። ደመወዝ የለውም፤ እህል ሲገባ ከየቤቱ ቁና ይሰፈርለታል። የራሱ ማሳ የሚጠጣውም ከሁሉ መጨረሻ ነው።

የዚያ አገር ሰው ውሃንና ግፍን አንድ ላይ ማንሳት ለምዷል። ታችኛው ሐይቅ የተፈጠረው በአንዲት ነፍሰ ጡር በተሠራ ግፍ ነው እያሉ ሽማግሎች ይተርካሉ፤ አንዲት ልዕልት በደለቻት፣ ፈጣሪ ተቆጣ፣ አገሩ ሁሉ ውሃ ሆነ፣ ደሴት ሆኖ የቀረው ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው ይላሉ። ይህን እየሰማ ያደገ ሰው ከከብት ሌባ ይልቅ የውሃ ሌባን ይጠላል።

የመንደሩ የውሃ አባት አርጅቶ ዓይኑ ሲደክም አንድ ጎልማሳ ለሹመቱ ራሱን አቀረበ። ይህ ሰው ብልህ ነበር። ማሳው ቦዩ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ አጠገብ ነው። አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ሌላው ዝቅ ብሎ ወደ አንዲት ባልቴት ማሳ ይወርዳል። ባልቴቲቱ ባሏ ሞቷል፤ ልጇ አረብ አገር ነው። ተራዋም የመጨረሻው ነው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሱብሂ። ማንም ያልፈለገው ሰዓት ለእሷ ደረሳት።

ሰውየው ሐሳቡን ለሚስቱ ብቻ ነገራት።

«ሦስት ዓመት እታመናለሁ፤ በአራተኛው እበላለሁ» አላት። «የታመነ ሰው ሲሰርቅ ዞሮ የሚያየው የለም። ሽንኩርት እዘራለሁ፣ ሌሊት ሌሊት አጠጣዋለሁ፣ በአንድ ዓመት ቆርቆሮ ቤት እንሠራለን።»

ሚስቱ ጀበናውን ከእሳት እያወጣች፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትሰርቅ ከኖርክ በአራተኛው መስረቅ ማን ያስተምርሃል?» አለችው።

ሳቀባት። ሹመቱንም ያዘ።

የሚታመን ሰው መጀመሪያ የሚጨክነው በዘመዱ ላይ ነው ብሎ አሰበ። በመጀመሪያው ወር ወንድሙ ተራው ካለቀ በኋላ ቦዩን ሳይዘጋ ቢያገኘው ሽማግሌ ሰብስቦ ቅጣት አስከፈለው። ወንድሙ ሁለት ዓመት አላናገረውም። ሰውየው በልቡ «ርካሽ ዋጋ ነው» አለ። በሁለተኛው ዓመት ጫትና ጌሾ የሚነግድ ባለጸጋ በጨርቅ የተቋጠረ ብር ይዞ መጣ፤ «በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ዓይንህን ጨፍንልኝ» አለው። ሰውየው ብሩን በዓይኑ መዘነው። ካሰበው ጋር ሲያስተያየው ትንሽ ሆነበት። ስለዚህ ብሩን በገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ መለሰለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉቦ የማይበላ ተባለ። ትንሽ ጉቦ የማይበላ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ሌሊት ሌሊት ባትሪውን ይዞ ከጠለፋው እስከ ቦዩ ጫፍ ይመላለሳል። የሚያፈሰውን በእግሩ እየረገጠ ይደፍናል፤ የተኛውን ይቀሰቅሳል፤ በደረሰበት ማሳ ሁሉ እጁን ትልሙ ውስጥ ከትቶ እርጥበቱን ይፈትሻል። መጀመሪያ ላይ ባልቴቲቱን በየተራዋ ይቀሰቅሳት ነበር። በኋላ ግን ሴትዮዋ ብርድ እየመታት ስትስል ቢሰማ፣ «እማማ፣ ይተኙ፤ እኔው አጠጣልዎታለሁ» አላት። ይህንንም ያደረገው ስሙ እንዲጠራለት ነው። ስሙም ተጠራለት። እሷ ከዚያ በኋላ ቡናዋን ከረመጥ አጠገብ፣ ቆሎዋን በሰፌድ ትታለት ትተኛለች። «አንተ ካለህ እኔን ምን አስነሳኝ ልጄ» ትላለች።

ሦስቱ ዓመት አለቀ። አራተኛው ዓመት ዝናቡ ያለ መጠን ጣለ፤ ውሃ እንደ አፈር ረከሰ፤ የሚሰረቅ አልነበረም። በአምስተኛው ሚስቱ ወለደች፤ በዚያ ዓመት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለችው ጊዜ ሁሉ ለሕፃኑ ሆነች። በስድስተኛው የላይኛውና የታችኛው ሰፈር በጠለፋው ተጣልተው ዱላ ተማዘዙ። የውሃ አባት ነህና አስታርቅ ተባለ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ፣ ሲያስምል፣ ሲያስታርቅ ክረምት ገባ። ሐሳቡን አልተወውም። ብቻ ለሚቀጥለው ዓመት እያስተላለፈው ሄደ።

በሰባተኛው ዓመት በልጉ ቀረ። ወንዙ ቀጠነ። የሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ወጣ። ሰውየው ዓመቱ ይኸው ነው ብሎ ተበደረና ማሳውን በሙሉ ሽንኩርት ዘራበት። ለሚስቱ ምንም አልነገራትም፤ የምትለውን ያውቀዋል።

አንድ ሌሊት ሽንኩርቱ ጠውልጎ ለመሞት ሲቃረብ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ቦዩ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ደረሰ። የባልቴቲቱ ተራ ነበር። ዶማውን አንስቶ የእሷን ቅርንጫፍ በድንጋይና በጨፈቃ ገደበ፤ የራሱን ከፈተ። ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ዞረ። ዶማውን ከቦዩ ዳር ጥሎ ተቀመጠ። የሚያየው አልነበረም። ዕዳውን ሲያሰላ፣ ቆርቆሮውን ሲቆጥር ትንሽ ቆየ።

ከዚያ የዙረቱ ሰዓት ደረሰ። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያች ሰዓት ተነስቶ ቦዩን ይዞ ይወርድ ነበርና ተነሳ፤ ባትሪውን አበራ፤ ወረደ። መንገዱን እግሩ ያውቀዋል። እንደ ልማዱ ቦዩን እየፈተሸ፣ አልፎ አልፎም ጠርዙን እየረገጠ የባልቴቲቱ በቆሎ ውስጥ ገባ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ እጁን ትልሙ ውስጥ ከተተ። ትልሙ ደረቅ አፈር ነው።

ደሙ ፈላ።

«ማነው! ማነው ውሃ የሰረቀ! ኧረ የደካማ ሴት ውሃ የሚጠጣ ማነው!»

ድምፁን ያልሰማ የለም። ውሻው ሁሉ ጮኸ። ባልቴቲቱ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ከየቤቱ ባትሪ በራ፤ ዱላ የያዘም ነበር። ሰውየው ሌባውን ለመያዝ ከሁሉ ቀድሞ ዳገቱን ሽቅብ ሮጠ። ቦዩ ከሚከፈልበት ሲደርስ ዶማ ወድቆ አገኘ። የማን እንደሆነ ለማየት አንስቶ በባትሪ አበራበት። እጀታውን የጠረበው ራሱ ነው።

ሰው ደረሰ። «አመለጠ?» አሉት።

«አላመለጠም» አላቸው። «እኔ ነኝ።»

ማንም አላመነውም። አንዱ ድካም ነው አለ፤ ሌላው ጂን መትቶት ይሆናል አለ። ባትሪውን ወደ ማሳው አዞረላቸው። በሽንኩርቱ መደብ መካከል ውሃው ያብለጨልጫል። ያን ጊዜ ሁሉም ዝም አለ።

ሱብሂ ተሰገደ። ሰውየው ሰጋጁ ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ ሸሁ እግር ሥር ተቀመጠ።

«ሸኻችን፣ ዛሬ ብቻ አይደለም የሰረቅሁት» አላቸው። «ሰባት ዓመት ውሸታም ነበርኩ። ሹመቱን የያዝኩት ለመስረቅ ነው። ወንድሜን የቀጣሁት፣ ጉቦ የመለስኩት፣ የእማማን በቆሎ ያጠጣሁት ሁሉ እንድታምኑኝ ብዬ ነው። ሥራ በኒያ፣ በልብ ሐሳብ፣ ነው ብለው አስተምረውናል። የኔ ኒያ ከመጀመሪያው የተበላሸ ነው። ሰባቱ ዓመት ከንቱ ነው።»

ሸሁ ሙስበሐቸውን እያዞሩ አዳመጡት። ከዚያ ጠየቁት።

«ስትጮህ ምን አስበህ ነበር?»

«ምንም።»

«ሌባው አንተ መሆንህ ትዝ አላለህም?»

«ወላሂ ትዝ አላለኝም። ትልሙን ስነካው ደረቅ ሆነ፤ ጮህኩ።»

«እንግዲያማ ሁለት ሰዎች ነበራችሁ» አሉ ሸሁ። «አንደኛው ሰባት ዓመት ሲያስብ ኖረ። ሁለተኛው ሰባት ዓመት ሲሠራ ኖረ። አሳቢው ዛሬ አንድ ሌሊት ልሥራ ብሎ ቢወጣ ሠራተኛው ያዘው።»

«እኔ የትኛው ነኝ?»

«ያሳቢው ኒያ ተበላሽቷል ብለሃል፤ እውነት ነው፤ ለእሱ ተውበት አድርግ። ግን ያቺ ሴት ሰባት ዓመት የበላችው በቆሎ እውነተኛ በቆሎ ነው። ያንን በቆሎ ያጠጣው እጅ የማን እንደሆነ ከእኔ አትጠይቅ። ነገ ሌሊት ተራ አለ አይደል?»

ከሰዓት በኋላ ሽማግሎች ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሰውየው የተናገረውን ሁሉ ደግሞ ተናገረ፤ የሰባቱን ዓመት ምስጢር ጭምር። ጫት ነጋዴው ተነስቶ፣ «ሌባ መሆኑን በአንደበቱ መስክሯል፤ ይሻር» አለ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ባልቴቲቱ እንድትናገር ጠየቀች።

«እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ተኝቻለሁ» አለች። «ትናንትም ተኝቼ ነበር። ሌባውን የያዝኩት እኔ አይደለሁም፤ እናንተም አይደላችሁም። እሱ ባይጮህ ኖሮ በቆሎዬ ይደርቅ ነበር፣ ሌባውም አይታወቅም ነበር። ሌላ ሰው ብትሾሙልኝ፣ ራሱ እንኳ ቢሰርቅ ራሱን የሚይዝ ሰው ይሁን። ካላገኛችሁ ይህንኑ ተዉልኝ።»

ሽማግሎቹ ፈረዱ። ሰውየው ሁለት የውሃ ተራውን ለባልቴቲቱ ካሰ፤ በዚያ መሃል የሽንኩርቱ ግማሽ ተቃጠለ። ዕዳውን ለመክፈል አንድ በሬ ሸጠ። ሹመቱ ግን አልተነሳበትም። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት የውሃ አባት ሆኖ ኖረ። ልጆች «አባባ፣ ሌባ ይዘው ያውቃሉ?» ብለው ሲጠይቁት «አንድ ይዣለሁ» ይል ነበር።

ምሳሌው ይኸው ነው።

ይህ ሰው ማን ነበር? ጥያቄው ከአርዲቦ በፊትም ተጠይቋል። ፕላቶን «ሪፐብሊክ» በሚባለው መጽሐፉ የልድያ አገር እረኛን ታሪክ ያነሳል። እረኛው ሲያዞረው ከሰው ዓይን የሚሰውር ቀለበት ያገኛል፤ በቀለበቱ ንግሥቲቱን አባብሎ፣ ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ይወርሳል። ታሪኩን የሚተርከው ግላውኮን የሚባል ሰው ነው። የሚያየው ከሌለ ጻድቁም ኃጥኡም አንድ ነው፤ ሰው እውነተኛ የሚሆነው ሌላው ስለሚያየው ብቻ ነው ብሎ ይሟገታል። ለውሃ አባቱ ሌሊቱ ራሱ ቀለበት ነበረ። ሰባት ዓመት ሙሉ በጣቱ ላይ ነበር።

ግላውኮን ያልቆጠረው ነገር አለ። የሚያስመስለው ሰው በሚያስመስልበት ጊዜ ሁሉ ሳይለወጥ ይቆያል የሚል ግምት ክርክሩ ውስጥ አለ፤ በጎ ሥራው ከላይ የተደረበ ልብስ፣ ሰውየው ግን ከሥር ያው የነበረው። አሪስጣጣሊስ በዚህ አይስማማም። ሰው ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት፣ በገና ደርዳሪ የሚሆነው በመደርደር ነው፤ ፍትሐዊም የሚሆነው የፍትሕ ሥራ በመሥራት ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም ገዛሊም «ኢሕያ ዑሉሙ ዲን» በተባለው ሥራቸው ነፍስን ስለ ማረቅ ሲጽፉ የጸሐፊን ምሳሌ ያመጣሉ። ቁም ጽሕፈት የሚማር ሰው መጀመሪያ የመምህሩን ፊደል እየተቸገረ ይቀዳል፤ በብዙ መቅዳት እጁ ይታረቃል፤ በመጨረሻ የሚያምረው ፊደል ያለ ድካም ከእጁ ይወጣል። ልግስናም ትሕትናም እንዲሁ ተገዶ ይጀመራል፣ ተደጋግሞ ባሕርይ ይሆናል ይላሉ።

የአርዲቦ አገር ይህን ለማወቅ ከሩቅ መምህር መጠበቅ አላስፈለገውም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ መምህር ነበሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ናቸው። የገዳም ልማድ የሚጀምረው በረድእነት ነው። ጀማሪው ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይሰብራል፣ አረጋዊ መነኩሴ ያገለግላል። ምን ተሰማህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። በወሎ የእስልምና ትምህርት ቤቶችም ተማሪው፣ ደረሳው፣ እንዲሁ ነው፤ ኪታቡን በሚቀራበት ቤት እንጨቱንም የሚለቅመው፣ ሸሁንም የሚኻድመው እሱ ነው። ሁለቱ ሃይማኖቶች በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ ሰው የሚሠራው ከእጁ ተጀምሮ ወደ ልቡ ነው በሚለው ግን ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊሞግት ይችላል። ሥራ ልብን የሚለውጥ ከሆነ ሰውን አስገድዶ በጎ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው? ለዚህ መልሱ ከዚያው አገር ይገኛል። ከደሴ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት በዚያ ጉባኤ አደረጉ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ተወሰነ። ከወሎ መሪዎች አንዱ የነበሩት ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ በኋላም ንጉሥ እስከ መሆን ደረሱ፣ በክርስትናቸውም ጸንተው ኖሩ። ሸህ ጠልሐ ቢን ጃዕፈር ግን አልቀበልም ብለው ሸፈቱ። ከሕዝቡ ብዙው በሁለቱ መካከል ሆነ። ቀን በአደባባይ የታዘዘውን ያደርጋል፤ ሲመሽ ቤቱን ዘግቶ ይሰግዳል። «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» ይባል የነበረው ለእነዚህ ነው። ዓመታት አለፉ፤ ዐፄ ዮሐንስም አለፉ፤ የወሎ እስልምና አልጠፋም።

አዋጁ የደረሰው እስከ ማታ ድረስ ነው። የቀኑ ሥራ ምንም ያህል ቢደጋገም የሌላ ሰው ሥራ ነበር፤ አድራጊው ፈርቶ ያደርገዋል፤ ዓይን ዞር ሲልለት ይተወዋል። የሌሊቱ ግን የራሱ ነው። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያየው፣ ቢተወው የሚከሰው ሳይኖር በእጁ ይሠራዋል። ሲነጋ ሰውየውን የሠራው የሌሊቱ ሆኖ ተገኘ። የውሃ አባቱንም የለወጠው ይኸው ሕግ ነው። ሐሳቡ ክፉ ቢሆንም ባትሪውን የሚያነሳው ራሱ ነበር፤ ያስገደደው የለም፤ የቆጠረበት የለም። የሠራውም በሌሊት ነው። ሐሰተኛ ሆኖ የተጀመረ ሥራ እውነተኛ ሰው ሊያወጣ ይችላል፤ ለዚህ ግን ሥራው ሰው በማያይበት ሰዓት ጭምር የራስ መሆን አለበት።

ይህ ሕግ ለበጎ ብቻ አይሠራም። መዝገብ ቤት ተቀምጦ «ለዛሬ ብቻ» እያለ ሃምሳ ብር የሚቀበል ወጣት ሠራተኛ በልቡ ታማኝ ሰው ነኝ ብሎ ያምናል፤ ሲያልፍልኝ እተወዋለሁ ይላል። እሱም እንደ ውሃ አባቱ ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ያስባል፣ አንዱ ይሠራል። ከሰባት ዓመት በኋላ ለመተው ሲነሳ፣ እጁ መሳቢያውን ሳይጠይቀው ይከፍተዋል። ክፉ ለመሆን ማሰብ አያስፈልገውም፤ መደጋገም ይበቃዋል።

ስለዚህ ሰው ራሱን ማወቅ ቢፈልግ ልቡን ከመመርመር ይልቅ ማንም በማያየው ሰዓት እጁ ምን እንደሚለማመድ ቢመረምር ይሻለዋል። ልብ ስለራሱ ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ጠበቃም ነው። እጅ ግን ምስክር ነው። ስልኩን ብቻችንን ስንይዝ የምንጽፈው፣ የማኅበር ገንዘብ በእጃችን ሲሆን የምናደርገው፣ የማይጠይቀን ሰው ሥራ ላይ የምናጠፋው ሰዓት፣ እነዚህ ናቸው የሚሠሩን።

ልጅ የምናሳድግ ሰዎችም ከባልቴቲቱ የምንማረው አለ። ሰውየውን ዓመታት ያሠራው የእሷ እንቅልፍ ነው። ብትጠብቀው ኖሮ ሥራው የእሷ ዓይን ሥራ ይሆን ነበር። እኛ ልጆቻችንን ከጠዋት እስከ ማታ እየተቆጣጠርን፣ ደብተራቸውን እየፈተሽን፣ መልካም ቃል እያስጠናናቸው ብቻቸውን መልካም ይሆናሉ ብለን እንጠብቃለን። ቦሩ ሜዳ ይህ እንደማይሆን አሳይቷል። እናንተ ወላጆች፣ ለልጃችሁ ዕድሜው የሚችለውን አንድ እውነተኛ ኃላፊነት ስጡት፤ የጎረቤት አሮጊት መድኃኒት ማድረስ ይሁን፣ የቤቱን የወር ወጪ መያዝ ይሁን፣ ቢያጎድለው ሌላ ሰው የሚጎዳበት ሥራ ይሁን። ከዚያ አትከተሉት። መጀመሪያ ለታይታ ቢያደርገውም አትናደዱ፤ ቢያጎድልም የጎዳውን ሰው አስክሱትና ኃላፊነቱን መልሱለት።